ግሪክን እምቢ ያለችው

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ዛሬ ስለ ጥንት ሕዝቦች ተማርን፣ ኦቦ። ስለ ባቢሎን፣ ስለ ግሪክ...»

«ስለ እኛስ?»

«ቲቸር ‹ሥነ ጽሑፍ ሳይጻፍ በፊት በቃል ነበረ፤ እስቲ የቤታችሁን አምጡ› አሉ። እኔ የአያቴን ሂቦ ጠየቅኳቸው።»

«እንቆቅልሽ ለአስተማሪ! መለሱልሽ?»

«አቃታቸው።»

«እንግዲያው አገር መስጠት አለባቸዋ!»

«ግሪክን ሰጡኝ፤ እምቢ አልኩ። ባቢሎንን ሰጡኝ፤ እምቢ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጉደርን።»

«ሰጡሽ?»

«ግሪክን ሳይሳሱ የሰጡት ቲቸር፣ ‹ጉደርንማ አልሰጥም፤ የተወለድኩባት ናት› አሉ።»

«አበጁ! ከዚያስ?»

«ክፍሉ በሙሉ ‹አገር ይስጡ!› ብሎ ጮኸባቸው። ሰጡኝ።»

ጉደር ስንደርስ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ባለአገሯን አስቀደምኳት።