ጉናን በፎገራ ሰማይ

አቶ ማረው ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት፣ በቅሏቸውን ውሃ ሲያጠጡ ከአስተማሪው ከታከለ ጋር ድንገት ተገናኙ። ታከለ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ጎንደር ተምሮ አሁን ወረታ ያስተምራል። ከበቅሎዋ አጠገብ ልጃቸው ሸዋነሽ፣ በቅርቡ ክርስትና የተነሣ ልጇን አቅፋ ቆማለች። ባሏ ያለው ከጉና ተራራ ማዶ፣ ጋይንት ነው። የመጀመሪያ ልጇን እንደ አገሩ ወግ እናቷ ቤት ወልዳ፣ አሁን አባቷ ሊመልሷት ነው። አማቶቿም ደግሰው፣ ቀን ቆርጠው ይጠብቃሉ።

«እንደምን አረፈዱ፣ አያ ማረው? በዚህ በግንቦት ሕፃን ይዘው ጉናን ሊሻገሩ ነው?»

«እግዜር ይመስገን። ሰማዩን አታየውም እንዴ? ኩልል ብሎ ጠርቷል!»

«እሱማ የፎገራ ሰማይ ነው። ጉና የራሱ ሰማይ አለው።»

አቶ ማረው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የፌዝ ነበር።

«እኔ በዚህ ጠጉሬ ሰማይ ማየት ካንተ ልማር? ያ ራዲዮናችሁ አይደለም ወይ አይዘንብም ብሎ፣ ያጨድኩትን ሽምብራ በዝናብ ያስመታኝ?»

«እውነትዎን ነው። ራዲዮኑ የሚናገረው ለሰፊው አገር ነው፤ የእርስዎን ማሳም ሆነ ጉናን ለይቶ አያውቅም። እኔም እሱን ይመኑ አልልም። የቦታውን ነገር ከቦታው የመጣ ሰው ይጠይቁ ነው የምለው። ደብረ ታቦር ይደሩና፣ በዕለቱ ከጉና የወረዱትን ያነጋግሩ። አንዱ ቢያጋንን ሌላው ያርመዋል። ደህና ነው ካሉዎትም በማለዳ ይሻገሩ፤ ከቀትር በኋላ ጉና አይታመንም።»

«ከቤቱ የወጣ መንገደኛ ማመንታቱ ገደ ቢስ ነው! ደግሞስ ቀን ተቆርጦ፣ ድግሱ ሲበላሽ አማቶቿ ምን ይሉኛል?»

የአገራችን የቆየ በሽታ ይኸው ነው፤ ከበረዶ ይልቅ የአማት ሐሜት ያስፈራናል። ታከለ ግን ሽማግሌውን ሊረታ አልቸኮለም።

«ዛሬ ጠዋት ርብን ሲሻገሩ ውሃው እንዴት ነበር?»

«ደፍርሶ፣ የበቅሎዋን ሆድ ነካ እንጂ!»

«ፎገራ ዘንቦ ነበር?»

«ኧረ ጠብም አላ...» አሉና ፊታቸውን ወደ ጉና መለሱ። ርብ ከጉና እንደሚወርድ ከብት ከሚጠብቁበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። ሰማይ ጠርቶ እያለ ሞልቶ፣ ስንት ጥጃ ወስዶባቸዋል! በእግራቸው የነኩትን ወሬ በዓይናቸው ሊክዱት ነበር።

ሸዋነሽ ልጇን በነጠላዋ ጠቀለለችው። «አባዬ፣ ድግሱ ቢሻግት ይሻግት። እኔ ልጄን ለበረዶ አልሰጥም።»

«መቆም መመለስ አይደለም» አለ ታከለ በትሕትና፤ «ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይገኛል ይሉ የለም?»

«እንግዲህ ደጃዝማች ልሁንልህ» ብለው፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየሸሸጉ ጉዞ ቀጠሉ።

ደብረ ታቦር ሲደርሱ እዚያም ሰማዩ ጠርቶ አገኙት፤ ልባቸው እንደገና እንሂድ እንሂድ አላቸው። ቢሆንም ጠየቁ። አንድ የጨው ነጋዴ፣ ጉና ላይ በረዶ ወርዶ አህዮቹን እንደገደለበት እያለቀሰ ነገራቸው። ከሱ በኋላ የወረዱ መነኩሴም ያንኑ አረጋገጡ። አቶ ማረው ሕፃኑን አይተው አማተቡ። የወረደው ሁሉ «አሁን ደህና ነው» እስኪል ሰነበቱና በማለዳ ተሻገሩ።

ጋይንት ሲደርሱ ጠላው ሆምጥጦ፣ ዘመዱም ተበትኖ ነበር። የሸዋነሽ አማት «ምነው ዘገያችሁ?» ሲሉ፣ አቶ ማረው ሕፃኑን ተቀብለው አስታቀፏቸው።

«እኔ የዘገየሁት ይህ እንዲደርስ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ማረው በደብረ ታቦር መንገድ የሚወርደውን ሁሉ ሳይጠይቁ አያሳልፉም። ጉና ዘነበ ከተባለ፣ የርብ ዳር ሰው ሰማዩ ቢጠራም ከብቱን ከወንዙ ያርቃል፤ መንገደኛውም ቀኑን ያዘገያል። በዚህም የተረፈው ጥጃና የዳነው ሰው ብዙ ነው። ያ ሕፃን አድጎ፣ ዘንድሮ በራሱ እግር እየሮጠ አያቱ ደጅ ሲደርስ፣ ገና ሳይስሙት የጠየቁት «ጉና እንዴት ዋለ?» ብለው ነበር።