ስሌቱ ካለቀ በኋላ የሚወጡ ቁጥሮች

ከጎባ ወደ ሮቤ ስመለስ ጉሙ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ዋጠውና ሚኒባሳችን ቆመች። ሾፌሩ «እስኪገለጥ አልነዳም!» ስላለ መብራት ወዳየሁበት ቤት እየዳበስኩ ገባሁ። የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት ኖሯል። ባለቤቱ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ሳላሀዲን፣ ከወንድማቸው ልጅ ከሰሚያ ጋር አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። ቁጥሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ኪቦርዱን ግን ማንም አልነካም። እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኩትም።

«አካም፣ ይግቡ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሰሚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለፕሮግራም ውድድር ቡድን ማጣሪያ ላይ ነበረች፤ ኮዱን እያሠራ የሚፈትነው የውድድሩ ዳኛ ፕሮግራም ሁለቴ «ጊዜ አልፏል» ብሎ መልሶባታል። የቀራት አንድ ሙከራና ሃያ ደቂቃ ነው። ይህም ከወደቀ ቡድኑ ያለ እሷ ይሄዳል።

«አዴራ፣ ስሌቱ እኮ ድሮ አልቋል» አለች፣ አጎቷን በኦሮምኛ እየጠራች።

«ታዲያ ይሄ የሚወጣው ምንድነው?»

«ያለቀው ነዋ! እርስዎ እንዳስተማሩኝ እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ነው ወደ ስክሪኑ የምልከው። ለሚሊዮን ቁጥር ሚሊዮን ጊዜ ደጅ መመላለስ!»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ ሽማግሌው። ማሰቡን ጨርሶ መለፍለፉን ያልተወ ማሽን እኔንም ፀጉሬን አቆመው።

«ግን ልጄ፣ እዚህ አገር መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የወጣው ቢያንስ ተረፈ ማለት ነው።»

«ለማን ተረፈ? ዳኛው ግማሽ መልስ አይቀበልም! ደግሞም ኮዱን የሚያሠራው በራሱ ማሽን ነው፤ የእኛ መብራት ቢሄድ ምን አገባው?»

ልማድ እንዲህ ነው፤ ምክንያቱ ከሄደ በኋላም ቤቱን አይለቅም።

«እሺ፣ ያንቺ መላ ምንድነው?» አሉ አቶ ሳላሀዲን።

«ከዜሮ ዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያሉትን ጥንድ አሃዞች አስቀድሜ አዘጋጃለሁ። እያንዳንዱን ቁጥር ለመቶ እያካፈልኩ፣ ከኋላው ሁለት ሁለት አሃዝ እያነሳሁ በአንድ ረድፍ አጠራቅማለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንዴ እልካለሁ።»

«በይ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ላኪው።»

ኮዱን አስተካክላ ላከችው። ወዲያው መብራት ሄደ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። የሰሚያ ስልክ በራ፦ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ሁለት አስረኛ ሰከንድ። በዳኛው ማሽን ከሦስት ሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው!

«አልሀምዱሊላህ!» ብላ ዘለለች።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አሉ በድንግዝግዙ፣ «ኮዳቸው ሲዘገይ ‹ጭንቅላታችሁ ነው የዘገየው› እያልኩ ስንቱን ልጅ መለስኩ! የዘገየው የእኔ ትምህርት ነበር ለካ።»

እነሆ የአንዲት ልማድ መለወጥ፦ ማሽኑ ከመመላለስ አረፈ፣ ልጅቷ ቡድኗ ውስጥ ገባች፣ ሽማግሌውም እውነቱን አወቁ። እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም፤ ስልኳን ተቀብለው ያኔ ከመለሷቸው ልጆች ለአንዱ ደወሉ።

«ሄሎ? ማን ልበል?» አለ የጎልማሳ ድምፅ።

«ዲማ፣ እኔ ነኝ፣ መምህርህ» አሉ። «ያኔ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።»