የአባባ ማቀፊያዎች

(ከሰዓት በኋላ ነው፤ የወንዙን ማዶ በምታሳይ ጎጆ ደጃፍ ላይ እንጉዳይ ከሦስት ዓመት በፊት የተገደለውን የአባቷን የምንሽር ጥይት ማቀፊያዎች በአመድና በላምባ ትፈትጋለች፤ ታላቅ ወንድሟ አንሙት ምንሽሩን አንግቶ ከፊቷ ይንጎራደዳል።)

አንሙት፦ ቢሻው ተመልሷል እያሉ ነው።

እንጉዳይ፦ ሰማሁ። ረፋድ ላይ ብለኸኛል፣ ምሳ ሳቀርብም ብለኸኛል። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ዓርብ ዕለት ብላኛለች። ቢሻው አባባን ገድሎ አገር ከለቀቀ ወዲህ በየገበያው ተመለሰ ይባላል፤ እግሩን ያየ ግን የለም።

አንሙት፦ አሁንስ እውነት ነው እያሉ ነው።

እንጉዳይ፦ እነዚህ ሁልጊዜ የሚሉት ሰዎች ስም የላቸውም?

አንሙት፦ አንቺ እጅሽን አንቀሳቅሺ። አልጨረስሽም?

እንጉዳይ፦ ዝገቱን አታይም? ሦስት ዓመት ሙሉ ማቀፊያዋን ጭስ ላይ ሰቅለህ ረሳሃት። አምስት ጥይት ቂጥ ቂጣቸውን አቅፋ የምትይዝ ቆርቆሮ ናት እንጂ የሽንኩርት ጉንጉን አይደለችም።

አንሙት፦ ቅቤ ቀብቻት ነበር እኮ። እንዳትዝግ ብዬ።

እንጉዳይ፦ ቅቤማ ቀብተሃታል። ልትድራት ነበር? ቅቤ አቧራ ይጠራል። አቧራው ከውስጥ ካለችው ስስ ቆርቆሮ ሥር ይገባና ጥይቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ አውራ ጣትህ እስኪላጥ ብትገፋው ወደ ምንሽሩ ሆድ አይወርድም። መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ በላምባ የራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ ፀሐይ። አባባ ይሄን ሲያስተምር አንተ ከጓደኞችህ ጋር ደጅ ትፎክር ነበር።

አንሙት፦ አንቺን ያስተማረሽ ጣትሽ ቀጭን ስለሆነ ነው።

እንጉዳይ፦ ያንተ ጆሮ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ነው።

አንሙት፦ እንጉዳይ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም። የጨረስሽውን አምጪ።

እንጉዳይ፦ አልደረቀም። ላምባው ሳይደርቅ ጥይት ከሰካህበት ባሩዱ ይበላሻል። ደግሞስ ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ማቀፊያ ምን ይሠራልሃል? ምንሽር አንድ በአንድም ይጎርሳል።

አንሙት፦ አንድ በአንድ ሳጎርስ ማን ቆሞ ይጠብቀኛል?

እንጉዳይ፦ ቢሻው ስንቴ ነው የሚሞተው?

አንሙት፦ አትመራመሪ። በሶ አለ?

እንጉዳይ፦ ምሳህን ሳትነካ መልሰህ አሁን በሶ አማረህ?

አንሙት፦ ለመንገድ ነው። ቋጥሪልኝ። አንቺም ሳይመሽ አክስታችን ቤት ሂጂና እዚያ እደሪ።

እንጉዳይ፦ ሄጄስ ምን ልበል? ወንድሜ ሰው ሊገድል ወጥቷልና መደብ ልቀቁልኝ ልበል?

አንሙት፦ የአባትሽ ደም ነው። አንቺ አይታወቅሽም። ድግስ በገባሁ ቁጥር ጠላ የሚቀዱልኝ ከሴቶቹ ቀጥሎ ነው።

እንጉዳይ፦ እኔ ዕድሜ ልኬን ከወንዶቹ ቀጥሎ ጠጥቻለሁ። እስካሁን አልሞትኩም።

አንሙት፦ ከአንቺ ጋር ማን ይችላል።

እንጉዳይ፦ ሽማግሌዎቹ ባለፈው እርቅ ብለው ሲመጡ ሰምተሃቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከእኔ ጋር ባልተጨቃጨቅህ። መምጣታቸውን ከሩቅ ስትሰማ ጫካ ገባህ። ባዶ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ተፋጠው ሄዱ።

አንሙት፦ ነገም ቢመጡ ጫካ ነኝ።

እንጉዳይ፦ አውቃለሁ። ስማኝ፣ አባባን ቀብሬያለሁ። እማማንም ቀብሬያለሁ። አንተ ገድለህ ብትመለስ እንኳ የነሱ ወገን ደግሞ አንተን ይፈልጋል። ሌላ ወንድም የለኝም። ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው አፌ ስለሚጣፍጠኝ እንዳይመስልህ።

አንሙት፦ እዚያ ማዶ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?

እንጉዳይ፦ የቱ? እሱማ አህያ ነው። ምን ሆነሃል ዛሬ? ጠዋት ተነስተህ ሱሪህን ራስህ አጥበሃል። እማማ ከሞተች ጀምሮ ያንተ ሱሪ የሚታጠበው በእኔ እጅ ነበር።

አንሙት፦ ጭቃ ነክቶት ነው። በቃ፣ አምጪ ብያለሁ። ደረቀም አልደረቀም።

እንጉዳይ፦ እንካ። ውሰድ።

አንሙት፦ ይሄ ለምን አይንሸራተትም?

እንጉዳይ፦ ጠበቅ አድርገህ ግፋው።

አንሙት፦ እየገፋሁ ነው። ጥይቱ ንቅንቅ አይልም። ይሄኛውም እንደዚያው ነው። የማቀፊያው ከንፈር ጎብጧል እኮ። እንጉዳይ፣ ምን አድርገሽው ነው?

እንጉዳይ፦ አጎበጥኩት። ሁሉንም። የስፌት ወስፌ ለዚህም ይሆናል።

አንሙት፦ አቅኚው።

እንጉዳይ፦ ስስ ነው፣ ሲያቃኑት ይሰበራል። ይሄንንም ያስተማረኝ አባባ ነው። ብትፈልግ ምታኝ፤ ዛሬ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።

አንሙት፦ ምን እንዳደረግሽ አታውቂም።

እንጉዳይ፦ በደንብ አውቃለሁ። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ብቻ ነው የያዝኩህ። ነገ ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ይመጣሉ። ቢሻውም ድንጋይ ተሸክሞ ከደጃችን ይወድቃል።

አንሙት፦ ማን ነገረሽ?

እንጉዳይ፦ ራሳቸው ናቸዋ። ትንፍሽ እንዳልል መስቀል አስይዘው አስምለውኛል። ቀድመህ ከሰማህ እንደ ባለፈው ትጠፋለህ ብለው ነው። ቢሻው የተመለሰው ለዚህ ነው። መሣሪያ አልያዘም። የእርቁን በግ ራሱ እየጎተተ ዛሬ ማለዳ ወንዙን ይሻገራል፣ ቄሰ ገበዙ ቤት ያድራል ብለውኛል። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩልህ።

አንሙት፦ በግ።

እንጉዳይ፦ አዎ፣ በግ። ምን ይገርማል? ነጭ ነው ብለውኛል።

አንሙት፦ ነጭ ነው። አንድ ጆሮው ግን ጥቁር ነው።

እንጉዳይ፦ የት አየኸው?

አንሙት፦ አገሬ ገባሁ ብሎ ሊደግስ የገዛው መሰለኝ። ሲያየኝ ደግሞ አልሮጠም። በጉን ወደ እኔ ሳብ አደረገው። ለምን አልሮጠም እያልኩ ነው የዋልኩት።

እንጉዳይ፦ አንሙት፣ የት አየኸው ነው የምልህ።

አንሙት፦ መሻገሪያው ላይ። ዛሬ ማለዳ። ለእሱ አንድ ጥይት በቃችው።

እንጉዳይ፦ ተመልሷል እያሉ ነው ስትለኝ ነው እኮ የዋልከው።

አንሙት፦ ሌላ የምልሽ አጣሁ።

እንጉዳይ፦ ወስፌውን አቀብለኝ። አንዷን እንኳ ልሞክራት።

አንሙት፦ ሲያቃኑት ይሰበራል አላልሽም?

እንጉዳይ፦ ዝም በል፣ አቀብለኝ። ቆይ፣ ለቢሻው ካልሆነ ይሄ ሁሉ ማቀፊያ ለማን ነበር?

አንሙት፦ ለወንድሞቹ። ቅድም አህያ ነው ያልሽኝን እስቲ አሁን ቀና ብለሽ እዪው።