የመካከሉ ቆርቆሮ

አናጺው አባ ቀጥ በል ወደ ስብሰባ ሲገሰግሱ ዶፍ ዝናብ ያዛቸው። ስሙ የወጣላቸው እንጨቱንም ሰውንም «ቀጥ በል!» እያሉ ስለሚቆጡ ነው። መጠለያ ፍለጋ ግራ ቀኝ ቢያዩ ከፊታቸው የቆመው ያ የጠሉት ትምህርት ቤት ብቻ ሆነ። ዝናብ ደግሞ ኩራት አያውቅም፤ ገቡ።

ትምህርት ቤቱን የላይኛውና የታችኛው ወረዳ ድንበራቸው ላይ በጋራ ያሠሩት ነው። የዚያን ዕለት የላይኛው ወረዳ ምክር ቤት «ከጋራው እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ከ«እንውጣ» ባዮቹ ዋናው እሳቸው ናቸው።

ርእሰ መምህሯ ለታችኛው ወረዳ የተዳረች የእኅታቸው ልጅ ናት። ክፍሉ መካከል ባልዲ ስታስቀምጥ ደረሱባት። ተማሪዎቹ መሀሉን ለውሃው ለቀው በግራና ቀኝ ግድግዳ ተጠግተዋል።

«አጎቴ! በሞቴ ይግቡ፣ በስብሰዋል እኮ!»

«አንቺ ደግሞ ጣሪያ ማለብ ጀመርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ሁለት ባለቤት ያለው ቤት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ! የሁለት ሰው ዕቃ የማንም አይደለም። እኛ ድርሻችንን አሳምረን ከደንን፤ የናንተዎቹ ተኝተዋል። የራስ ጎጆ ቢያፈስም የራስ ነው።»

«አይቆጡኝና፣ እነሱም ከድነዋል። እስኪ ቀና ብለው ይዩ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። በዚህም በኩል ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ በዚያም በኩል አዲስ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት አናት ላይ ያለው መክደኛ ብቻ አሮጌ፣ ዝጎ ወንፊት የሆነ ነው። ሁለቱም ወገን «የኛ ልክ እስከዚህ ነው» ብለው ትተውታል። የላይኛው ወረዳን ግማሽ የመቱት ደግሞ ራሳቸው አባ ቀጥ በል ነበሩ! ፊታቸው ቀላ።

አቤት የኛ ነገር! ድርሻችንን እናሳምርና መጋጠሚያውን ለዝናብ እንሰጣለን፤ ከዚያ ጎረቤትን እንረግማለን።

«ጥፋቱ የጋራ መሆኑ አይደለም፣ አጎቴ» አለች በትሕትና። «ቤቱን ተጋራን እንጂ አስተዳደሩን አልተጋራንም። ከሁለቱም ወረዳ እኩል ሰው ያለበት አንድ ቦርድ ይቋቋም፤ ሰብሳቢነቱ በየዓመቱ ይዙር። መዋጮው ሁሉ አንድ ቋት ይግባ፤ የሚከፈለውም በተማሪው ቁጥር ልክ ይሁን።»

«ታዲያ ልጅ የበዛው እኛ ጋ! ብዙ ልንከፍል ነዋ!»

«ብዙ ልጅም ይማርላችኋል።»

«ብንለያይስ?»

«ያኔ የእንጨት ሥራው ክፍል ይዘጋል። እናንተ መሣሪያ እንጂ መምህር የላችሁም፤ እኛ ደግሞ መምህር እንጂ መሣሪያ የለንም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲሉ እኮ ከእርስዎ ነው የሰማሁት።»

ይህን ሲነጋገሩ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከግድግዳው ሥር ተነሥታ በርጩማ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ከታችኛው ወረዳ ጓደኛዬ ጋር በእንጨት ሥራው ክፍል የሠራነው ነው። ቀጥ ብሏል?»

ገለበጡት፤ እግሮቹን ነቀነቁ፤ መጋጠሚያዎቹን በጥፍራቸው ቧጠጡ። የሚነቅፉት አጡ።

«አንቺ የቱን እግር ሠራሽ?»

«ሁለቱን እኔ፣ ሁለቱን እሷ። ይለዩ እስኪ!»

ዕድሜ ልኩን ከእንጨት ጋር የኖረ ሰው መለየት አቃተው። «ይህን ክፍል ነበር ላዘጋብሽ የምሄደው?» አሉና በርጩማውን አንሥተው በዝናቡ ውስጥ ወጡ።

ስብሰባው ላይ በርጩማውን መሀል አቆሙት። «ወገኖቼ፣ ከእነዚህ እግሮች የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው? የሚለይ ሰው ካለ፣ እንለያይ!» ሁሉም እየተነሣ ገለባበጠው፤ የለየ አልተገኘም። የእኅታቸውን ልጅ ሐሳብም ነገሯቸው፤ ምክር ቤቱ በጋራው ለመቆየትና ቦርዱን ለማቋቋም ወሰነ፤ የታችኛውም ወረዳ ተስማማ።

ቦርዱ ሲሰየም መጀመሪያ ያስቀየረው ያንን መክደኛ ነው። አንዱን ጫፍ አባ ቀጥ በል፣ ሌላውን የታችኛው ወረዳ አናጺ መቱት፤ እየተሰዳደቡና እየተሳሳቁ። ዛሬ የመምህራኑ ደመወዝ ከአንድ ቋት ሳይዘገይ ይወጣል፤ የእንጨት ሥራው ክፍልም ለሁለቱም ወረዳ ወንበር ያቀርባል። ያ ባልዲ ይቀመጥበት የነበረውን የመሀል ቦታ ተማሪዎች ይሻሙበታል።

መንገደኛ ቆሞ «ይህ ያማረ ትምህርት ቤት የየትኛው ወረዳ ነው?» ብሎ ከጠየቃቸው፣ አባ ቀጥ በል ደረታቸውን ነፍተው «የኛ!» ይላሉ። «እናንተ የየትኛው ናችሁ?» ሲባሉ ግን በእጃቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ያሳያሉ።