አልቀበል ያለው ስልክ

በአንድሮይድ ሳይሆን በሊኑክስ የሚሠራ ስልክ ገዝቼ ስኮራበት ከርሜ፣ እህቴ ምጥ በያዛት ቀን ጉድ ሠራኝ። ፊደል ካስቆጠሩኝ የኔታ ጋር ከጣና ደሴት ወደ ባሕር ዳር የሚመልሰንን ጀልባ እየጠበቅን ነው። ያልነካካሁት ነገር የለም፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ጥሪ ግን ወይ ፍንክች!

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ የኔታ።

«ለጥሪ ሲሙን አልቀበል አለኝ!»

«ስሙን» ያልሁ መስሏቸው ኮስተር አሉ። «የክርስትናውን ነው የዓለሙን?»

በሣቅ ፈረስሁ። እየሣቅሁ ኔትወርኩን ከፎርጂ ለጥሪ ወደሚሆነው ወደ አሮጌው ቱጂ ባወርደው፣ ወዲያው አቃጨለ። የእህቴ ባል ነው፤ «ወንድ ልጅ! ሁለቱም ደኅና ናቸው!» እያለ ይጮኻል። ስልኬን እየሳምሁ ዘለልሁ።

«በል እሱን ተወው» አሉ የኔታ እጄን ይዘው፤ «ስም የሚቀበል ተወልዷል።»