ለደህና ቀን የተቀመጡት ቲዩቦች

ጋሽ አምፖል ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ሱቅ ደጃፍ ቆመው፣ ሁለት አውራ ጣት የምታክል የመስታወት ቲዩብ ወደ ፀሐይ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩዋታል። ስሙን ያወጡላቸው የሲኒማ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚያ ሲኒማ ቤት የድምፅ ክፍል ውስጥ፣ እንደ አምፖል እየጋሉ ድምፅ የሚያጎሉትን ቲዩቦች ሲነቅሉና ሲተክሉ ስለነበር ስሙ ልክክ ብሎላቸዋል። ጡረታ ወጥተውም ፍቅሩ አልለቀቃቸውም። ቤታቸው ያለው ትልቁ አምፕሊፋየር በነዚሁ ቲዩቦች የሚሠራ ነው፤ ዝም ካለ ግን ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ!» አለች አንዲት ሴት ከጀርባቸው።

ዞር ቢሉ የሟቹ የሥራ ጓደኛቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ የድምፅ ክፍሉን ደረጃ ስትቦርቅበት ያውቋታል፤ ዛሬ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ሆናለች። ለክፍሏ ሽቦ ልትገዛ ነበር የመጣችው።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ነይ፣ ነይ ወርቅ ላሳይሽ!» አሉ ቲዩቧን እያቀበሏት። «አንቺ ሳትወለጂ የተሠራች ናት። ካርቶኗ እንኳ አልተቀደደም። ጥንዷ ቢገኝላት ቤቴ እንደገና ይዘፍን ነበር።»

አስተማሪዋ ቲዩቧን አገላብጣ አየች። «ጋሼ፣ ይህን ለአባቴ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። አናቷ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ምን ሆኗል?»

ጋሽ አምፖል ቲዩቧን ተቀብለው አናቷን አዩ። ቅቡ ነጥቷል። ቅቡ ነጣ ማለት መስታወቷ አየር አስገብታለች ማለት ነው፤ አየር የገባባት ቲዩብ ደግሞ አለቀላት። ይህን ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን የፈለጉት ነገር ከዓይን ይቀድማል። ቲዩቧን ለባለሱቁ መልሰው፣ እየተከዙ ከአስተማሪዋ ጋር መንገድ ጀመሩ።

«እትዬስ እንዴት ናቸው?» አለች።

ይኼ ጥያቄ ነበር የሚያስፈራቸው። ባለቤታቸው የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ውሎአቸው ሙዚቃ ነበር፤ ሸክላውን እያስቀየሩ፣ አብረው እያንጎራጎሩ ነበር ቀኑን የሚገፉት። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ጆሯቸውም እየደከመ መሄዱን ነግሯቸዋል። ቀስ በቀስ ነው፤ መቼ ጨርሶ እንደሚዘጋ ግን እሱም አያውቀውም።

«አለች» አሉ ጋሽ አምፖል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ ‹መቼ ነው የሚሠራው?› ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ትታዋለች።»

«ታዲያ አዲስ ቲዩብ ለምን አይገዙም? ዛሬም እኮ ይመረታል።»

«አዲስ!» አሉ ቆም ብለው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፣ ልጄ። ሞክሬዋለሁ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጥንድ ገዝቼ ከተትኩ፤ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሆዳቸው ፍም መስሎ ተቃጠሉ። የዛሬ ሥራ ብልጭ ድርግም ነው። የድሮ ሰው ሲሠራ ለልጅ ልጅ ብሎ ነበር የሚሠራ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቲዩብ በእጃቸው አልነኩም። ከሱቅ ሱቅ፣ ከአሮጌ ተራ አሮጌ ተራ ሲዞሩ ውለው ሲመሽ ነው የሚገቡት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች አስተማሪዋ። «ከአዲሶቹ በፊት የነበሩት ደክመው ነበር?»

«እጅግ! በመጨረሻ ላይ ትንፋሽ እንኳ አልነበራቸውም። ብዙ ኃይል ገብቶላቸው ይጎትቱልኝ ብዬ የኃይል ማስተካከያዋን ቡሎን በየጊዜው እያዞርኩ ነበር ያቆየኋቸው።»

«አዲሶቹን ሲከቱ ቡሎኗን ወደ ቦታዋ መለሷት?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አነሱና ራሳቸውን አከኩ። ሲኒማ ቤት ሳሉ ቲዩብ ሳይደክም በፊት ስለሚቀየር ቡሎኗን መንካት አያስፈልግም ነበር። ልማዱ በእጃቸው ቀርቷል።

«አልመለስኳትም» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲህ ለደከመ በሬ የተነሣው ጅራፍ በወይፈኑ ላይ ወረደ ማለት ነው። የቲዩቦቹ ጥፋት አልነበረም፣ ጋሼ።»

«በአንዷ አሸነፍሽኝ» አሉ እየሳቁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ድምፁስ? የድሮው ድምፅ ልዩ ነው። ይህንንም በመለኪያሽ ልታስክጂኝ ነው?»

«አላስክድዎትም። ደህና ተደርጎ የተሠራ የድሮ ቲዩብ ከአዲሱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በተለይ ድምፁ መጀመሪያ የሚገባባቸው ትንንሾቹ፣ የድሮዎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ከአዲሶቹ ውስጥ ደግሞ ነካ ሲያደርጓቸው የሚያቃጭሉ አይጠፉም። ግን ይህንን ያስቡት፤ ደህና ደህናው የድሮ ቲዩብ ያኔውኑ ተመርጦ፣ ሠርቶ፣ አልቋል። ዛሬ ገበያ የሚወጣው አብዛኛው ሌላው ሰው አበጥሮ የተወው ግርድ ነው። ጽሑፉ ተፍቆ እንደገና የታተመበትም አለ። አዲሱን ግን አስለክተው፣ አጣምረው ይገዙታል፤ ቢበላሽ ይመልሱታል።»

ጋሽ አምፖል ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ነገሩ፣ ቤት አንድ ጥንድ አለኝ። ያልተነካ፣ ንጹሕ። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ለስንብት የሰጡኝ ነው።»

አስተማሪዋ በመንገዱ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። «ቤትዎ አለ? እና ምን ይጠብቃል?»

«ለደህና ቀን ነዋ! አሁን ብከተውና ቢያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ምን አለኝ? የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል፣ ልጄ።»

«ሚስትየዋስ ጋሼ፣ እስከዚያ ይቆዩ ይሆን?» አለች በቀስታ። «ቲዩቡ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ መቶ ዓመት ይኖራል። የእትዬ ጆሮ ግን ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብዎ እፈራለሁ።»

ቃሉ ከበዳቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልመጣም። የልጅቷን አባት አስታወሱ፤ እሱም እውነት ሲናገር እንዲህ ቀስ ብሎ ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አሉ። «መለኪያሽንም፣ አንድ ጥንድ አዲስ ቲዩብም ይዘሽ ነይ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ መጥታ አምፕሊፋየሩን በጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። አቧራውን ጠረገች፤ ቡሎኗንም እየለካች ወደ ቦታዋ መለሰች። ጋሽ አምፖል ያንን የተሸሸገ ጥንድ ከነጨርቁ አመጡ። እትዬ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ።

«ሁለት ጊዜ እናሰማሻለን» አሏቸው ጋሽ አምፖል። «የቱ የድሮው፣ የቱ አዲሱ እንደሆነ አንነግርሽም። የሚበልጠውን አንቺ ፍረጂ።»

«እስቲ እንግዲህ፣ ዳኛም ሆንኩላችሁ» አሉ እትዬ ፈገግ ብለው።

አንዱ ጥንድ ገባ፤ ሸክላው ዞረ። አንዲት ሴት በጊታር ታጅባ መዝፈን ጀመረች፤ ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመው ቤት ሞላ። ዘፈኑ ሲያልቅ ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቀው ሌላውን ጥንድ ከተቱ፤ ቡሎኗን አስተካክለው ያንኑ ዘፈን ደገሙት። ጋሽ አምፖል ዘፈኑን አልሰሙትም። የባለቤታቸውን ፊት ነበር የሚያዩት።

«የቱ በለጠ?» ብለው ጠየቁ ገና ሳያልቅ።

«የመጀመሪያው ትንሽ ለስለስ ያለ መሰለኝ» አሉ እትዬ። «እንጃ፣ ሁለተኛውም ያው ነው። እኔን የጎዳኝ የትኛውም ቲዩብ አይደለም፣ አንተ ሰው። ክረምቱን ሙሉ ዝምታ ነው ያሰማኸኝ። አንተም ለኔ ብለህ ትወጣለህ፤ እኔም ሙዚቃውንም አንተንም አጥቼ እቀመጣለሁ።»

የመጀመሪያው የድሮው ነበር። ጋሽ አምፖል ግን ድል አደረግሁ አላሉም።

«ሰማሽ ልጄ» አሉ ወደ አስተማሪዋ ዞረው። «ከእንግዲህ ለተማሪዎችሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። የድሮው ለስለስ ይላል፣ እውነት ነው፤ ያን ለማግኘት ብሎ ዓመቱን በዝምታ የሚያሳልፍ ግን ሞኝ ነው። ተለክቶ የተገዛ፣ በወጉ የተስተካከለ አዲስ ቲዩብ በየቀኑ ይዘፍናል፤ ሲያልቅ ምትክ አለው፤ ሰው ሳይሳሳ ይጠቀምበታል። ደህና ቀን ብለን የምናስቀምጥለት ቀን ደግሞ በራችንን አንኳኩቶ አይመጣም። ይኼውና እየሄደ ነው።»

አስተማሪዋ መሣሪያዋን ሰብስባ ልትሰናበት ተነሳች። ጋሽ አምፖል እስከ በሩ ሸኝተዋት ሲመለሱ አዲሶቹ ቲዩቦች እየጋሉ፣ ሸክላው ሌላ ዘፈን ጀምሯል።

«ትንሽ ጨምርልኝ» አሉ እትዬ።

ጨመሩላቸው።

«አሁንም ትንሽ።»

ጋሽ አምፖል እጃቸውን መቆጣጠሪያው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። በዚህ መጠን አምና ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። የድምፁ ማነስ ከቲዩቡ እንዳልሆነ ገባቸው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጨመሩት፤ ወንበራቸውንም ጎትተው ከባለቤታቸው ወንበር ጋር አገጣጠሙና፣ ለዛሬ የትም ሳይወጡ አጠገባቸው ተቀመጡ።