የቃሉ ጎረቤት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ትናንት በእሷ ክፍል አግዳሚ ላይ ተጨናንቃችሁ ተቀምጣችሁ ዛሬ የልጆች ወላጅ የሆናችሁ ተማሪዎቿ፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ እዚህ ድረስ ስለሸኛችኋት ክብረት ይስጥልን።

እንድናገር የጠየቁኝ ባለቤቷ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ክንዴን ይዘው፣ «ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ያየሽውን ንገሪያቸው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አሉኝ። ስለዚህ የተወለደችበትን ዓመትና የተመረቀችበትን ቦታ አላነብላችሁም። ያየሁትን እነግራችኋለሁ። በሰፈሩ የሚወራውን ሁላችንም ሰምተናል። አፏ ሟርት ነው ተብሏል። የተናገረችው ይደርሳል ተብሏል። እኔ ግን ነበርኩ። ከአልጋዋ አጠገብ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

እትዬ ነበር የምላት። ክፍላችን ጎን ለጎን ነው፤ ሁለታችንም እንግሊዝኛ እናስተምራለን። እኔ ሰዋስው ሳስጨንቅ፣ ከግድግዳው ማዶ የእሷ ተማሪዎች ሲስቁ እሰማ ነበር። ቤት የሚመታ ቃል ነበር የምታስተምራቸው። አንድ ቃል ትወረውራለች፤ ልጆቹ መጨረሻው የሚመሳሰለውን ይመልሳሉ። አንድ ቀን «ካት»፣ ድመት፣ አለች። ከፊት የተቀመጠው ልጅ «ራት!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ «ኧረ ገና ምሳ አልበላንም!» አለ። እኔ ሳይቀር ጠመኔዬን ይዤ ሳቅኩ። እሷም፣ «አይጧን ነው ያለው፣ የሆድህን አይደለም» አለችው።

ስለ እንግሊዝኛ አንድ የምትለው ነገር ነበራት። «አጻጻፉን አትመኑ» ትል ነበር። «ሃይት እና ዌይት፣ ቁመትና ክብደት፣ ሲጻፉ መንትዮች ይመስላሉ፤ ሲነገሩ ባዳ ናቸው። ዓይን ይሸነገላል። ጆሮ አይሸነገልም።»

የወደቀች ዕለት «ላይት»፣ ብርሃን፣ ብላ ነበር። በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ልጆቹ «ናይት! ራይት! ፋይት!» እያሉ መለሱ። ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ። አልመጣም። ልጆቹ ጨዋታው መስሏቸው ደጋግመው ጮኹ። «ናይት! ናይት!» ሌሊት፣ ሌሊት። ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሩን ስከፍት ሰሌዳው ሥር ተኝታለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ንግግሯ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብለው ወደ ቤት ላኳት። በእርግጥም ተመለሰ። ግን ምን ተመለሰ? አማርኛው አልተመለሰም። እናቷ ያስተማረቻት ጠፍቶ፣ ከሰሌዳ የለመደችው ብቻ ቀረ። እሱም ቢሆን አንዳንድ ቃል ነበር።

ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከታች የስፌት መኪናቸውን ያስኬዳሉ፣ ከላይ እሷ ተኝታለች። እንግሊዝኛ ብዙም አያውቁም። አንድ ቀን ልጠይቃት ስሄድ መጋረጃውን ገልጠው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ጨረቃ» አሉኝ። «ሙን፣ ሙን ትላለች። በቀትር ጨረቃ ከየት ላምጣላት?»

አልጋው ላይ የሾርባ ሳህን አለ። ሾርባው ቀዝቅዟል። እትዬ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አንስታ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ገባኝ። «ጋሼ፣ ማንኪያ ነው የጎደላት። ስፑን።» እትዬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ እንባዋም መጣ። የምትፈልገውን ቃል አታገኘውም ነበር። የምታገኘው ከጎኑ ያለውን ነው። ቤቱን ትመታለች፤ የሚከፍትላት ግን ጎረቤቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። አስተርጓሚ ሆንኩ። በዚያ ሰሞን ሳቅን እንጂ አልፈራንም። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ በማንኪያ ትፈራላችሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት ግን «ትሬይን» አለች። ጋሼ፣ «ባቡር? የት ልትሄጂ ነው?» ብለው ቀለዱ። እኔ «ሬይን፣ ዝናብ ማለቷ ይሆናል» አልኩ። ሰማዩ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ ነበር። ጋሼ የደንበኛ ልብስ አጥበው አስጥተዋል። ሻዩን ሳንጨርስ ጣሪያው መንኳኳት ጀመረ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ጋሼ ወደ ልብሱ ሮጡ። እኔ አልተነሳሁም። እሷን ነበር የማየው። መስኮቱን አላየችም፤ ገና ድሮ አይታው እንደ ጨረሰች ሁሉ።

ቀጥሎ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ሊጠይቃት መጣ። ትኩስ ዳቦ ይዞ፣ እንደ ወትሮው እየተጫወተ። እትዬ ፊቱ ላይ ዓይኗን ተከለች። «ዋየር» አለች። «ታየር። ዋየር።» ሽቦ፣ ጎማ፤ ደጋገመችው።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ።

ዝም ልል አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። «ፋየር ይመስለኛል። እሳት።»

«ታዲያ እሳት የሌለው ዳቦ ቤት አለ እንዴ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ከሰዓት ዳቦ ቤቱ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። ጣሪያው ግን ወረደ።

ወሬው የተነሳ ያን ዕለት ነው። አይታለች አልተባለም፤ አምጥታለች ተባለ። ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ጠፋ። አንዲት የቅርብ ዘመድ ከታች ሆና ለጋሼ፣ «እባክህ ስለ እኔ ምንም አትበዪ በላት» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እትዬም ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስቡት እስቲ። መናገር የማይችል ሰው፣ ያለቻትን አንዲት ቃል ስታወጣ ሰው ሲሸሻት። እኔም አልዋሻችሁም፣ ደረጃው ሥር እቆም ነበር። ዛሬ ስለ እኔ ምን ትል ይሆን እያልኩ እወጣ ነበር።

ከዚያ «ዎተር» ማለት ጀመረች። እኛ ዋተር የምንለውን እሷ አፏን አክብባ ዎተር ነበር የምትለው። ይህንንስ ጋሼም ያውቁታል። ብርጭቆ አመጡላት። ገፋችው። ሌላ አመጡ። ደፋችው። ስደርስ ወለሉ ርሷል፣ ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይወለውላሉ። «ውሃ ትላለች፣ ውሃ ስሰጣት ትደፋለች። ምን ላድርጋት ልጄ?» አሉ።

እጇን ያዝኩ። «እትዬ፣ ዎተር?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። አይደለም። በልቤ ጎረቤቶቹን ቆጠርኩ። ብዙ የሉትም። ስደርስበት ግን ለመናገር ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ዶተር ነው የምትለው። ልጄን እያለች ነው።»

ጋሼ ጨርቁን ጣሉ። በዚያ ቤት ልጅ እንዳለች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለሥራ ሩቅ ከተማ ልሂድ ስትል አባቷ ከወጣሽ አትመለሺ ብለዋት፣ እሷም ወጥታ አልተመለሰችም። «በዚህ ቤት ስሟ አይነሳም ብያለሁ» አሉኝ።

«ያነሳሁት እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ። እናቷ ናት።»

የጣሉትን ጨርቅ አንስተው ጨመቁ። ከዚያ ስልኩን አነሱ። አጠገባቸው ስለነበርኩ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁት።

«አባባ? እማዬ ሞተች?»

«አልሞተችም። ትፈልግሻለች።»

«እሷ ናት የምትፈልገኝ፣ ወይስ አንተ?»

ጋሼ ግድግዳውን ተደገፉ። «ሁለታችንም» አሉ።

ልጅቷ ያንኑ ዕለት አውቶቡስ ተሳፈረች። በማግስቱ ጠዋት እዚህ ስትደርስ ሬዲዮው ይናገር ነበር፤ በዚያች ከተማ ወንዙ ሞልቶ ዝቅ ያለውን ሰፈር ውጦታል። አከራይዋ እያለቀሰች ደወለች። የልጅቷ ክፍል ምድር ቤት ነው። ውሃው በመኝታ ሰዓት ገብቶ አልጋዋን ጣሪያ አስነክቶታል። «አለሽ? እውነት አለሽ?» ትላለች ሴትዮዋ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «ታዲያ ያለችው ልጅ ነው ወይስ ውሃ?» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ።

ልጅቷ ከገባች በኋላ እትዬ ዝም አለች። አንድም ቃል የለም። ልጇ ፀጉሯን ስታበጥር፣ አባትና ልጅ ከራስጌና ከግርጌ ሆነው ሲጨቃጨቁ፣ ሲታረቁ፣ ዝም ብላ ታያቸዋለች። እኔም ዝምታው የሚበቃት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ሦስታችንም አጠገቧ ነበርን። በድንገት «ኒር» አለች። ጥርት አድርጋ። ሁላችንም በለመድነው መንገድ ጎረቤቱን ፍለጋ ተነሳን። ልጇ፣ «ዲር ነው፤ ውዴ እያለችኝ ነው» አለች። እትዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። እኔ «ሂር፤ እዚህ ያማታል» አልኩ። ነቀነቀች። ጋሼ እኔን አዩኝ። ሌላም ቃል በአፌ ላይ ነበር፤ ፊር፤ ፍርሃት። ተናገርኩት። እትዬ ፈገግ ብላ አሁንም በአሉታ ነቀነቀች። አትፈራም ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎረቤቱን አልነበረም የተናገረችው። ከታመመች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ቃሉን አግኝታው ነበር። ኒር። ቅርብ ነው። እኛን አታይም ነበር፤ ከትከሻችን በላይ አሻግራ በሩን ነበር የምታየው፤ እንግዳ ስትቀበል በሚታይባት ፊት። ሦስታችንም ዞርን። ደረጃው ባዶ ነበር። ፊታችንን ስንመልስ ሄዳለች።

ወገኖቼ፣ ይኸው ነው። ጨምሬ እንደሆነ ባለቤቷ እዚህ አሉ፣ ያርሙኝ። ልጇ አባቷን ደግፋ ቆማለች፣ ታርመኝ። ይህች ሴት ማንንም አልረገመችም። የሚመጣው ከየት እንደሚታያት አላውቅም፤ ማወቅም ያስፈራኛል። የማውቀው፣ ያለቻትን ጥቂት ቃል በሙሉ እኛን ለማስጠንቀቅ እንዳወጣቻት ነው።

እትዬ፣ ቃልሽን የሚተረጉም ከእንግዲህ አይኖርም፤ በምትሄጂበት ቦታ አያስፈልግሽም ይሆናል። አልጋሽ ዳር ለተቀመጥኩባቸው ሰዓቶች አመሰግንሻለሁ። ጋሼ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ልጅሽ ትቆጣጠራቸዋለች። ክፍልሽን እኔ ይዤዋለሁ፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እንዲጮሁ ትቻቸዋለሁ። በሰላም ሂጂ፣ እህት ዓለም።

እናንተ እዚያ አጥሩ ጥግ የቆማችሁ፣ አያችኋለሁ። ዳቦ ጋጋሪያችን፣ አንተንም አይሃለሁ። አካፋው እዚህ ነው። ኑ፣ ቅረቡ፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን አፈር አያልብሷት።